የአንጥረኛ ልጅ የሮም ሳንቲም ስታዝዝ፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

ሦስት ሳንቲም አዘዝኩ። ሦስቱም ላይ የሮም ቄሣር አለ። ሦስቱም ሥር ድረ ገጹ «እውነተኛነቱ የተረጋገጠ» ብሎ ጽፏል። በስድስተኛው ቀን በቢጫ ፖስታ ደረሱኝ። ሁለቱ እውነተኛ ነበሩ። ሦስተኛው ኔሮ ነው፤ እሱ እንኳን የጥንቷን ሮም፣ የዛሬዋንም ጣሊያን ያየ አይመስለኝም።

የሻጩን ስም አልጠራም። ጥፋቱን ኋላ አርሟል። ግን እንዲህ ያለ ዕቃ በኢንተርኔት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ፣ ያየሁትን ልንገረው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። አባቴ አንጥረኛ ናቸው። ፒያሳ፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ በሚቆምበት ሱቅ ውስጥ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መስቀልና ጉትቻ ሠርተዋል። እኔ ልጅ ሆኜ ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብዬ ጠገራ ብር ሲያቀልጡ አይ ነበር። ብሩ ላይ አንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ አለች። ማን እንደሆነች ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም ነግረውኝ አያውቁም። ሚዛን ላይ ያስቀምጧታል። ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምጿን ይሰማሉ። ከዚያ ወደ እሳት። «ፊቷን ተይው፣ ጫፏን እዪ» ይሉኝ ነበር።

አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የሳንቲሙ ጣጣ የጀመረው ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ እሑድ የዲናሩ ወንጌል ተነበበ። ለቄሣር ግብር መስጠት ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም ብለው ጌታን የጠየቁበት፣ እሱም ሳንቲሙን አስመጥቶ መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ መልሶ የጠየቀበት። ሰው ሁሉ ስለ ግብር ያስባል። እኔ «ስንት ግራም ይሆን?» ብዬ አሰብኩ። የአንጥረኛ ልጅ መሆን እንዲህ ያደርጋል።

ማታ ስልኬን ከፍቼ ፈለግሁ። ያ ዲናር የጢባርዮስ ቄሣር ነው ተብሎ ስለሚታመን ዋጋው ሰማይ ነው። ተውኩት። በምትኩ ሦስት ርካሽ ቄሣሮች መረጥኩ፦ ቆስጠንጢኖስ በ22 ዶላር፣ ጋሊየኑስ በ30፣ ኔሮ በ165።

አስተሻሸጉ ደስ ይላል። እያንዳንዱ ሳንቲም በግልጽ ፕላስቲክ ተለይቶ ተቀምጧል። ከሥሩ ትንሽ ወረቀት አለች፤ የንጉሡ ስም፣ የታተመበት ዓመትና ከተማ ተጽፎባታል። ድረ ገጹ ላይ ያየሁት ፎቶ የራሱ የሳንቲሙ ፎቶ ነው፤ እዚህ ላይ አላጭበረበሩም። ክብደት የተጻፈው ግን ለሁለቱ ብቻ ነው። የኔሮው ቦታ ባዶ ነበር። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

በቆስጠንጢኖስ ልጀምር። አነስ ያለ የነሐስ ሳንቲም ነው፤ ከጥፍሬ ብዙም አይበልጥም። እኛ ሳንቲም ስንወረውር «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንላለን። የሮሞቹም እንደዚያው ሁለት ጎን አላቸው። ዘውዱ የቄሣሩ ፊት ነው፤ ጎፈሩ ደግሞ ወሬው። በዘውዱ በኩል ቆስጠንጢኖስ ጌጠኛ ጥምጥም አስሮ በጎን ይታያል፤ «ታላቁ አውግስጦስ» ይላል ጽሑፉ። በጎፈሩ በኩል ሁለት ወታደሮች ጦርና ጋሻ ይዘው ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንድ የጦር ዓርማ ተተክሏል። «ግሎሪያ ኤክሰርኪቱስ» ይላል፤ የሠራዊቱ ክብር ማለት ነው። ከሥር ያለው የማተሚያ ቤቱ ምልክት የእስክንድርያ ነው። አሌክሳንድሪያ ታትሞ አሌክሳንድሪያ ደረሰ ማለት ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ዓይነት ሳንቲም መጀመሪያ ሲወጣ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ330 አካባቢ፣ በሁለቱ ወታደሮች መካከል ሁለት ዓርማ ነበር። በ335 አካባቢ ግን ሳንቲሙ እንዲያንስና እንዲቀል ተደረገ። ሁለት ዓርማ የሚያስገባ ቦታ ጠፋ። ስለዚህ አንዱን ነቀሉት። «የሠራዊቱ ክብር» የሚለው ጽሑፍ አልተነካም። የኔው ባለ አንዱ ነው፤ 1.5 ግራም መዘነ። ክብሩ እንዳለ ነው፣ ነሐሱ ግን ቀንሷል።

ለ22 ዶላር ይህን ሁሉ ወሬ የሚሰጥ ዕቃ የት ይገኛል? ለዚህ አምስት ኮከብ።

ሳንቲም ለምን ለወሬ እንደተመረጠ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ የለ፣ ጋዜጣ የለ። ሐውልት ለማየት ወደ ከተማው መሄድ ያስፈልጋል። ሳንቲም ግን በራሱ እግር ይሄዳል። ወታደሩ ደመወዙን ይቀበላል፣ ወይን ይጠጣበታል፣ ባለ ወይኑ ለገበሬው ይከፍላል፣ ገበሬው ለግብር ይመልሰዋል። በራሪ ወረቀት ይጣላል። ዳቦ የሚገዛ ነገር ግን ማንም አይጥልም፤ የቄሣሩን ፊት የማይወድም ሰው ኪሱ ይከተዋል።

ሮማውያን ይህን የገባቸው ቀስ ብለው ነው። ድሮ የሚያትሙት አማልክትንና የሞቱ ትልልቅ ሰዎችን ነበር። በሕይወት እያለ ፊቱ በሮም ሳንቲም ላይ የወጣ የመጀመሪያው ሮማዊ ዩልዮስ ቄሣር ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44። ጽሑፉም የዕድሜ ልክ ገዢ ይለዋል። በዚያው ዓመት፣ በመጋቢት አጋማሽ፣ ንጉሥ ሊሆንብን ነው ብለው በጩቤ ወጉት። ከወጉት አንዱ ብሩተስ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ሳንቲም አሳተመ። በጎፈሩ ሁለት ጩቤ፣ በመካከላቸው የነፃ ወጣ ባሪያ ቆብ፣ ከሥር የተገደለበት ቀን። በዘውዱስ? የብሩተስ የራሱ ፊት! ለነፃነት ነው የገደልኩት የሚለው ሰውዬ እንኳ ከዚያች ትንሽ ክብ ላይ ፊቱን ማንሳት አልሆነለትም።

በነገራችን ላይ የዚህ ሳንቲም የወርቁ ዓይነት አንዱ በ2020 በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ከየት እንደመጣ የሚገልጸው ታሪኩ ግን የፈጠራ ሆኖ ተገኘ። በ2023 ወደ ግሪክ ተመለሰ። ስለዚህ የምትገዙት ባለ 22 ዶላርም ቢሆን «ከማን እጅ ገዛችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጠየቅሁ። ለሁለቱ የድሮ ስብስብ ስም ላኩልኝ፣ ለአንዱ ዝም አሉ። የትኛው እንደሆነ ገምቱ።

ወደ ጋሊየኑስ ልሂድ፤ የምወደው እሱን ነው። በራሱ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የሾለ አክሊል አለ። ጨረሩ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዋጋ ምልክት ነው። ይህን ዓይነት ሳንቲም በ215 ካራካላ የሚባል ቄሣር ነው የጀመረው። የሁለት ዲናር ዋጋ አለው ተብሎ እንደወጣ ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ የብሩ ክብደት ግን የአንድ ተኩል ያህል ነው። መቶ ሃምሳ ብር ሰጥቶ ሁለት መቶ ነው ማለት በሉት። አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ማን ያቆመዋል? በጋሊየኑስ ጊዜ፣ በ260ዎቹ፣ ብሩ እየሟሸሸ ሄዶ ሳንቲሙ ከሞላ ጎደል መዳብ ሆነ። ላዩ ላይ ብቻ ስስ ብር አለ። የኔው ላይ ብሩ የቀረው በጆሮውና በጺሙ አካባቢ ነው፤ ሌላው ቡናማ ነው።

ጎፈሩን ገልብጡት። አንዲት ሴት እግሯን አነባብራ ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች። «ሴኩሪታስ ፔርፔቱዋ» ናት፤ ዘላለማዊ ደኅንነት። አቤት መዝናናቷ! ታክሲ የምትጠብቅ እንጂ አገር የምትጠብቅ አትመስልም። ይህ ሲታተም አገሩ ምን ላይ እንደነበረ ልንገራችሁ። የጋሊየኑስ አባት ቫሌሪያን በ260 በፋርሱ ንጉሥ በሻፑር ተማርኳል፤ የሮም ንጉሠ ነገሥት በጠላት እጅ ሲወድቅ ተሰምቶ አይታወቅም ነበር። በዚያው ዓመት ፖስቱሙስ የሚባል የጦር አዛዥ ጎል የሚባለውን የዛሬዋን ፈረንሳይ አካባቢ ገንጥሎ ራሱን ቄሣር አለ፤ የራሱንም ሳንቲም ማተም ጀመረ። ምሥራቁን የያዙት በዛሬዋ ሶርያ ያለችው የፓልሚራ ከተማ ሰዎች ናቸው። ጋሊየኑስን ራሱን በ268 የገዛ መኮንኖቹ ገደሉት። ሴትዮዋ ግን ምሰሶዋን ተደግፋለች።

ሰው አምኖ ነበር? ይህን ሳስብ ነው አባባ የሚመጡብኝ። ሕዝብ ምን እንዳመነ ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም፤ ከእጁ ግን ይታወቃል። ሰዎች ጥሩውን የድሮ ብር ቀብረው መጥፎውን ይገበያዩበት ነበር። ዛሬ ከመሬት የሚወጣው የሮም ሳንቲም ክምር አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ፊቱ ቄሣር ቢሆንም ሚዛኑ ላይ የወደቀውን ገበያው ያውቀዋል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ካላወራሁ አያስችለኝም። ያቺ ጠገራ ላይ ያለችው ሴትዮ ማርያ ቴሬዛ ናት፤ የኦስትሪያ ንግሥት። በ1780 ሞተች። ብሯ ግን ከሞተችም በኋላ በዚያው ዓመተ ምሕረት መታተሙን ቀጠለ፤ ክብደቱ 28 ግራም፣ የእኛ አንድ ወቄት፣ አንድም ቀን አልተነካም። ሀገራችን ውስጥ ሰው የሚቀበለው ጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥሮ ነበር። ምኒልክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 የራሳቸውን ብር ሲያወጡ እንኳ ጠገራዋን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም። ከዚያ ጣሊያን መጣ። የጣሊያኑ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ሦስተኛ ማን ነበር መሰላችሁ? በዓለም የታወቀ የሳንቲም ሰብሳቢ። ሳንቲም ለንጉሥ ምን እንደሚሠራ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አይገኝም። በ1936 አዲሱን ሳንቲሙን «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» ብሎ አሳተመ። ባለ 5 ሊሬው ላይ ልጆቿን የሰበሰበች እናት አለች፤ የጥንት ሮም ነገሥታት ሚስቶች ሳንቲም ላይ የነበረች ምስል ናት። ሁሉ ነገር ሮም፣ ሮም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሰው «ጠገራ አምጡ» አለ። ሙሶሊኒም ይህን አውቆ ቀደም ብሎ በ1935 የማርያ ቴሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ አስመጥቶ፣ እዚያው ሮም ከተማ ውስጥ፣ የሞተችውን ሴትዮ በ1780 ዓመተ ምሕረቷ አሳተማት። አባባ ይህን ስነግራቸው ብዙ ሳቁ። «ታዲያ እኔ ያቀለጥኩት የማንን ነው?» አሉ።

እሺ፣ ወደ ኔሮ። ድረ ገጹ ላይ ሳየው ነው ልቤ የሄደው። የኔሮ ሳንቲሞች ለየት ይላሉ። በልጅነቱ ሲነግሥ ፊቱ ለስላሳ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ አንገቱ ይወፍራል፣ አገጩ ይደረባል፣ ጸጉሩ በረድፍ ይተኛል። አንዳንዱ ቄሣር ወጣት አድርገህ ሣለኝ ሲል እሱ ውፍረቱን እንደ ጌጥ አሳየ። የኔው ላይ በጎፈሩ በኩል የሮማውያን አማልክት አለቃ ዩፒተር መብረቁን ይዞ ተቀምጧል፤ «ጠባቂው ዩፒተር» ይላል። ኔሮ ሊገድሉት ካሴሩት ሰዎች ስለተረፈ ያሳተመው ነው ተብሎ ይታመናል።

ፊቱ በጣም ያምራል። ሌሎቹ ሁለቱ ተልጠዋል፣ ተጎድተዋል፤ ይኼ ግን ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። የወርቅ ሚዛኔን አወጣሁ፤ ከገበያ በ14 ዶላር የገዛኋት ትንሽዬ ናት። 4.1 ግራም።

4.1 ሊሆን አይችልም። ለምን? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ64 ኔሮ ራሱ ዲናሩን አቅልሎታል። ድሮ ከአንድ የሮም ፓውንድ ብር 84 ዲናር ይወጣ ነበር፤ እሱ 96 አደረገው። ስለዚህ አንዱ 3.4 ግራም አካባቢ ነው፤ በእጅ ብዛት ሲያልቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የዩፒተሩ ዓይነት የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። አስመሳዩ ፊቱን ቀድቷል፣ ጽሑፉን ቀድቷል፣ የኔሮን ሌብነት ግን መቅዳት ረሳ።

ለአባባ በዋትስአፕ ደወልኩ። ቪዲዮው ይቆራረጣል። ፊቱን አሳየኋቸው። «ተይው እሱን» አሉኝ፤ «ጫፉን»። ጫፉን አዞርኩት። «በጥፍርሽ ሂጂበት እስቲ።» ሄድኩበት። አንዲት ቀጭን መስመር ዙሪያውን ትሄዳለች፤ በሞረድ ለማጥፋት ሞክረዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ቀርታለች። «ሁለት ቅርጽ ገጥመው ያፈሰሱበት ነው» አሉ። የጥንቱ ሳንቲም በመዶሻ ተመትቶ ነው የሚታተመው፤ ፈሳሽ በቅርጽ ውስጥ አይጨመርም። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ሳየው ጉንጩ ላይ የአየር አረፋ ቀዳዳዎች አሉ፤ የፊደሎቹም ጠርዝ እንደ ቀለጠ ሳሙና ነው።

አሁን ስለ አገልግሎቱ። ለሻጩ በዚያው ምሽት ጻፍኩ፤ ሚዛኑንም ጫፉንም ፎቶ አንስቼ ላክሁ። መልስ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው፦ «ባለሙያችን አይቶታል፣ ትክክለኛ ነው።» የትኛው ባለሙያ? እጄ ላይ ያለውን ሳንቲም ከየት አይቶት? እንደገና ጻፍኩ፤ 84 እና 96ን አስረዳሁ። ያኔ ድምፁ ተለወጠ። መልሺልን አሉ። የመላኪያውን 9 ዶላር ከኪሴ ከፈልኩ። ገንዘቡ ወይም ሌላ ሳንቲም ምረጪ ሲሉኝ 19 ቀን ሆኖ ነበር። ይቅርታቸው ጨዋ ነው፤ ይህን አልክድም። ስለ 9 ዶላሩ ግን ምንም አላሉም። ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው፦ አንዱን ለዘጠኙ ዶላር፣ አንዱን ለ«ባለሙያችን»።

በኔሮ ምትክ ትራያንን መረጥኩ፤ በዚሁ ዋጋ። አሁን ግን ክብደቱን ቀድሜ ጠየቅሁ፦ 3.1 ግራም። ሲመጣም 3.1 ሆነ። ጎፈሩ ላይ አንድ ዳኪያዊ፣ የዛሬዋ ሩማንያ ሰው፣ በራሱ የጦር መሣሪያ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ዙሪያውን «የሮም ሸንጎና ሕዝብ፣ ለምርጡ መሪ» ይላል። ስጦታው ከሕዝብ ለንጉሥ እንደተሰጠ አድርገው ነው የጻፉት። ማተሚያ ቤቱ የማን ነው? የንጉሡ። እንደዚህ ዓይነት የምስጋና ባነር እኛም አገር አይተናል፤ በዚህ ብቻ ልለፈው። የተሸነፈው ሰውዬ ግን ያሳዝናል። ከጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ ጀርባው እንዴት እንደጎበጠ የቀረጸው ሰው ሐዘን የሚያውቅ ነው።

ብዙዎች የአክሱምን ሳንቲም ለምን አላዘዝሽም ይሉኛል። እዚያው ድረ ገጽ ላይ አለ። አይቼ ዘጋሁት። ከየትኛው ማሳ ተቆፍሮ እንደወጣ ሳላውቅ የራሴን አገር ነገር በካርድ መግዛት አልሆነልኝም። «የሮሙስ?» ብትሉኝ መልስ የለኝም፤ ቢያንስ ለሁለቱ የድሮ ስብስብ ስም ተልኮልኛል። የአክሱም ነገሥታትም ከሮም ተምረዋል፤ ወርቃቸውን በሮም ሚዛን ለክተው፣ በግሪክ ፊደል ጽፈው፣ ፊታቸውን አትመዋል። ኢዛና ሲያምን ጨረቃውን አንሥቶ መስቀል አስገባ። አንድ ነገር ግን ከራሳቸው ጨመሩ። በአራተኛው መቶ ዓመት በወጡ አንዳንድ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ይላል። የእኔ ቆስጠንጢኖስ ስለ ሠራዊቱ ክብር በሚያወራበት ክፍለ ዘመን ማለት ነው።

ለመግዛት ለምትፈልጉ፦ በነሐስ ጀምሩ፤ ከ20 እስከ 40 ዶላር ጥሩ ጥሩ አለ። ክብደቱ ያልተጻፈ ነገር አትግዙ። ያለ ሚዛን ደግሞ ጨርሶ አትጀምሩ። በጣም የሚያምር ፊት ካያችሁ ጫፉን ጠይቁ። ያው ሻጭ ጋ እንደገና አዛለሁ? አዎ፤ ነሐስ ብቻ።

ባለፈው እሑድ ለአባባ ሦስቱንም በቪዲዮ አሳየኋቸው። ትራያንን ያደንቃሉ ብዬ ነበር። ጋሊየኑስ ላይ ቆሙ። «አስጠጊልኝ» አሉ። በጆሮው አካባቢ የቀረውን ብር ረጅም ጊዜ አዩት። ላዩ ላይ ያለውን መዳብ በኮምጣጣ ነገር አስበልተው ብሩን ብቻ እንዳስቀሩት፣ እሳቸውም የተደባለቀ ብር ሲያነጡ በሎሚና በጨው የሚያደርጉት እንደሆነ አስረዱኝ። «በዚህች ብር ይህን ያህል ማስመሰል!» አሉ። «ንጉሡን አላውቀውም። የሠራው ሰው ግን እጅ አለው።»

ሰው ሲመጣ ላኪልኝ ብለዋል።